በፖሊመር ክሌይ ንድፍ ማውጣት

ፖሊመር ክሌይ ጭቃ ይመስላል እንጂ አፈር አይደለም። ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ፣ ማለስለሻና ቀለም አንድ ላይ ተደባልቀው የሚሠራ ነው። አየር ላይ ቢቆይ አይደርቅም፤ የሚጠነክረው ኦቨን ሲገባ ነው። ስለዚህ ጀማሪ የሚጣደፍበት ምክንያት የለውም። ጀርመን ውስጥ ፊሞ፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ስካልፒ የተባሉት ዓይነቶች ብቅ ያሉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ነው።

የዚህ ሙያ ልዩ ነገር ጌጡ ከላይ አለመቀባቱ ነው። ቀለሙ ክሌዩ ውስጥ ስላለ ንድፉም የሚሠራው ከውስጥ ነው። መጀመሪያ ክሌዩ እንደ ሊጥ በደንብ ይታሻል። ያልታሸ ክሌይ ይሰነጠቃል።

ብዙ ሰው የሚጀምረው በሚሌፊዮሪ ነው። ዘዴው የመጣው ከመስታወት ሠሪዎች ሲሆን የጣሊያኗ ሙራኖ ደሴት በዚህ ትታወቃለች። የተለያየ ቀለም ያላቸው ረጃጅም ዘንጎች ጎን ለጎን ተጣብቀው አንድ ወፍራም ዘንግ ይሆናሉ። ዘንጉ በስለት ሲቆረጥ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ያው አበባ ወይም ኮከብ ይወጣል። ከዚያ በፊት ግን ዘንጉን ማቅጠን አለ፣ ፈተናውም እዚህ ነው። ከመሃል ተጀምሮ ዙሪያውን እኩል ካልተጨመቀ አበባው ይጣመማል። አንዱ ቀለም ለስላሳ፣ ሌላው ደረቅ ከሆነም ለስላሳው ቀድሞ ይሸሻል። እንዲያም ሆኖ ጫፎቹ መበላሸታቸው አይቀርም። ከመቁረጥ በፊት ዘንጉን ማቀዝቀዝ ግድ ነው፤ ሞቅ እንዳለ ከተቆረጠ ይጨፈለቃል።

በእኔ እይታ የጀማሪን ሥራ ከእጅ ይበልጥ የሚያበላሸው የቀለም ምርጫ ነው። ደማቅ ሰማያዊና ደማቅ አረንጓዴ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያምራሉ። ዘንጉ ሲቀጥን ግን ተዋህደው አንድ ጥቁር ነጥብ ይሆናሉ። በመካከላቸው ስስ ነጭ ንጣፍ ቢገባ ችግሩ ይቃለላል።

አንዱን ቀለም ቀስ በቀስ ወደ ሌላው ለማሸጋገር በፖሊመር ክሌይ ባለሙያዋ በጁዲት ስኪነር ስም የሚጠራው ዘዴ አለ። ሁለት ባለሦስት ማዕዘን ንጣፎች ተገጥመው፣ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ እየታጠፉ በፓስታ ማሽን ይዳመጣሉ። ማሽኑ ከዚያ በኋላ ለምግብ አይውልም!

ሞኩሜ ጋኔ ደግሞ ከጃፓን የብረት ሥራ የተወሰደ ነው። ስስ ንጣፎች ይደራረባሉ፣ በመሣሪያ ይወጋሉ፣ ከዚያ ላዩ በስሱ ይላጣል። ምን እንደሚወጣ አስቀድሞ ማወቅ ይከብዳል። ሁሉን ነገር መቆጣጠር ለሚወድ ሰው ትንሽ ያናድዳል፤ ለሌላው ግን ጨዋታ ነው።

የመጋገሪያው ሙቀት እንደየዓይነቱ ይለያያል። ብዙ ጊዜ ከ110 እስከ 135 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሆነ ማሸጊያውን ማንበብ ያስፈልጋል። የኦቨኑ ቁጥር ሁሌ ስለማይታመን ለብቻው ቴርሞሜትር ማስገባት ይሻላል። ክሌዩ ከተቃጠለ ጉሮሮና ዓይን የሚያስቆጣ ጋዝ ይወጣል፤ ያኔ ኦቨኑን አጥፍቶ መስኮት መክፈት ነው። የተበላሹት የዘንግ ጫፎችም አይጣሉም። ተደባልቀው የዶቃ ውስጠኛ ክፍል ይሆናሉ፣ ላያቸውም በስስ የንድፍ ቁራጮች ይሸፈናል።