ዩሮባስኬት፦ የአውሮፓ ብሔራዊ ቡድኖች የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና

ዩሮባስኬት የአውሮፓ አገሮች በወንዶች ብሔራዊ ቡድኖቻቸው የአህጉሩን የቅርጫት ኳስ ዋንጫ የሚፋለሙበት ውድድር ነው። የሚያዘጋጀው ፊባ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን በአውሮፓ ቅርንጫፉ በኩል ነው። የመጀመሪያው ውድድር በ1935 በጄኔቫ ተካሄደ፤ የቅርቡ ደግሞ በመስከረም 2025 በሪጋ ተጠናቀቀ (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብዙ ሰው ከዩሮሊግ ጋር ያምታታዋል፤ ዩሮሊግ ግን ክለቦች በየሳምንቱ የሚገናኙበት ሌላ ውድድር ነው። ሴቶችም ከ1938 ጀምሮ የራሳቸው ሻምፒዮና አላቸው።

የአሸናፊዎቹን ሠንጠረዥ የሚያይ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ዛሬ በካርታ ላይ በሌሉ አገሮች ላይ ነው። ሶቪየት ኅብረት 14 ጊዜ ዋንጫ ወስዳለች። ዩጎዝላቪያ ሰርቢያና ሞንቴኔግሮ ብቻ ከቀሩባት በኋላ ያገኘቻቸው ሦስቱ ተደምረው 8 አሏት። ቼኮዝሎቫኪያም አንድ አላት። በአሁኑ ጊዜ ካሉት አገሮች ስፔን በ4 ትመራለች፤ ሊቱዌኒያ 3፣ ግሪክ፣ ጣሊያንና ጀርመን ሁለት ሁለት፣ ላትቪያ፣ ግብፅ፣ ሃንጋሪ፣ ሩሲያ፣ ፈረንሳይና ስሎቬኒያ አንድ አንድ አላቸው። ግብፅ በስህተት የገባች አይደለችም፤ ወደ እሷ እንመለሳለን። እንግሊዝን በዚህ ዝርዝር መፈለግ ግን ልፋት ብቻ ነው። ከእግር ኳስ የለመድነው የኃያላን ቅደም ተከተል እዚህ አይሠራም፤ የሕዝቧ ቁጥር ከሁለት ሚሊዮን ብዙም የማይዘለው ስሎቬኒያና ሦስት ሚሊዮን የማትሞላው ሊቱዌኒያ ትልልቆቹን አሸንፈው ዋንጫ ያነሱበት መድረክ ነው።

ነገሩ የተጀመረውም በትናንሾቹ ነው። ፊባ በ1932 በጄኔቫ ሲመሠረት ከስምንቱ መሥራች አገሮች አንዷ ላትቪያ ነበረች። ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው ከተማ 10 ቡድኖች ተገናኙ፤ ላትቪያም በፍፃሜው ስፔንን 24 ለ 18 አሸንፋ የመጀመሪያዋ ሻምፒዮን ሆነች። ይህ ውጤት የአንድ ሩብ እንጂ የሙሉ ጨዋታ አይመስልም። በዚያ ዘመን ቡድን ኳስ ይዞ ምን ያህል መቆየት እንደሚችል የሚወስን ሰዓት አልነበረም፤ የሚመራ ቡድን ኳሱን እየተቀባበለ ጊዜ ቢገድል የሚከለክለው የለም። ከሩቅ የተወረወረ ኳስ ሦስት ነጥብ የሚያስገኝበት መስመርም አልተሰመረም። ማጥቃትን በ30 ሰከንድ የሚገድበው ሕግ በ1956 መጣ፤ በ2000 ወደ 24 ሰከንድ ወረደ። የሦስት ነጥቡ መስመር በ1984 በ6.25 ሜትር ላይ ተሰመረና በ2010 ወደ 6.75 ሜትር ሸሸ።

በ1937 ተራው የሪጋ ሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ የገባችው ጎረቤት ሊቱዌኒያ በፍፃሜው ጣሊያንን በአንድ ነጥብ ልዩነት 24 ለ 23 ረትታ ዋንጫውን ከላትቪያ ደጃፍ ወሰደችው። ምስጢሩ ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር። ከሊቱዌኒያ ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ቤተሰቦች ልጆች ጨዋታውን በተወለዱበት አገር ተምረው ወደ ወላጆቻቸው አገር መጡ። ከእነሱ ሁሉ ስሙ የገነነው በ1936 የበርሊን ኦሎምፒክ ለአሜሪካ ተሰልፎ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘው ፍራንክ ሉቢን ነው፤ ሊቱዌኒያውያን ፕራናስ ሉቢናስ ይሉታል።

ሊቱዌኒያ በ1939 አዘጋጅ ስትሆን በካውናስ ከተማ ለቅርጫት ኳስ ብቻ የታሰበ አዳራሽ ሠራች፤ ሕንፃው አሁንም ቆሟል። ከላትቪያ ጋር በተደረገው ግጥሚያ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት፣ ሁለት ሜትር የሚደርሰው ሉቢናስ ከቅርጫቱ ሥር ኳስ ተቀብሎ አስገባና 37 ለ 36 ተጠናቀቀ። ሊቱዌኒያ ሰባቱንም ጨዋታ አሸንፋ ዋንጫውን አስቀረች። ተሸናፊዎቹ “ይህ ቡድን የአሜሪካ ነው” ብለው አጉረመረሙ፤ የዚያ ሰውዬ ቁመትም እንደ ጥፋት ተቆጠረበት። ሊቱዌኒያ ውስጥ ቅርጫት ኳስ ሁለተኛ ሃይማኖት ነው የሚባለው አባባል መነሻው ይኼ ውድድር ነው። በዓመቱ ግን የሶቪየት ጦር ገባ። ሊቱዌኒያ በራሷ ስምና ባንዲራ ወደዚህ ሻምፒዮና እስክትመለስ 56 ዓመት አለፈ።

ከጦርነቱ በኋላ በ1946 በጄኔቫ ቼኮዝሎቫኪያ፣ በ1947 በፕራግ ሶቪየት ኅብረት አሸነፉ። ቀጣዩን ማዘጋጀት የነበረባት ሻምፒዮኗ ሶቪየት ኅብረት ነበረች፤ አልፈለገችም። ሁለተኛ የወጣችው ቼኮዝሎቫኪያም እምቢ አለች። ዕድሉ ሦስተኛ ለወጣችው ደረሰ፤ እሷም ግብፅ ነበረች። ያኔ የአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ኮንፌዴሬሽን ገና ስላልተቋቋመ ግብፅ የምትጫወተው ከአውሮፓውያን ጋር ነው። የ1949 የአውሮፓ ሻምፒዮና እንዲህ ሆኖ ካይሮ ላይ ተካሄደ። ብዙዎቹ የአውሮፓ ቡድኖች ሳይሄዱ ቀሩ፤ ከሰባቱ ተሳታፊዎች መካከል ሶሪያና ሊባኖስ ይገኙበታል። ግብፅ ሁሉንም አሸንፋ የአውሮፓ ሻምፒዮን ተባለች፤ ፈረንሳይ ሁለተኛ፣ ግሪክ ሦስተኛ ወጡ። የተሳታፊዎቹ ጥራት ሳስቶ እንደነበር አይካድም፤ ግን የቀረ ቡድን በራሱ ፈቃድ የቀረ ስለሆነ ዋንጫውን “በነፃ የተገኘ” ብሎ ማናናቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። እስካሁን ይህን ማዕረግ የያዘች ብቸኛ አፍሪካዊት አገር ግብፅ ናት። በተመሳሳይ መንገድ ከአውሮፓ ጋር መጫወት የጀመረችው እስራኤል ግን እዚያው ቀርታ በ1979 በጣሊያን የብር ሜዳሊያ አግኝታለች።

ቀጥሎ ያለው ዘመን ለተመልካች አሰልቺ ሳይሆን አይቀርም። ሃንጋሪ በ1955 በሜዳዋ ቡዳፔስት ካሸነፈች በኋላ ሶቪየት ኅብረት ከ1957 እስከ 1971 ስምንት ዋንጫ አከታትላ ወሰደች። “የሶቪየት ቡድን” የሚለው ስም ግን ብዙ ይሸፍናል፤ ከ1947ቱ ሻምፒዮኖች መካከል ሊቱዌኒያውያን፣ ኤስቶኒያውያንና ጆርጂያውያን ነበሩበት። በ1985 የውድድሩ ኮከብ ተብሎ የተመረጠው አርቪዳስ ሳቦኒስም የካውናስ ልጅ ነው።

ሰንሰለቱን የበጠሰችው ዩጎዝላቪያ በ1973፣ 1975 እና 1977 ሦስቴ አከታትላ አሸነፈች። እነ ክሬሺሚር ቾሲች፣ ድራዠን ዳሊፓጊችና ድራጋን ኪቻኖቪች የተጫወቱት ኳስ ከሶቪየቶቹ ጉልበት ይልቅ በቅብብልና በእጅ ጥበብ ላይ የቆመ ነበር።

በ1987 ማንም ያልጠበቃት ግሪክ ብቅ አለች። የቡድኑ ሞተር ኒኮስ ጋሊስ በኒው ጀርሲ ከግሪክ ስደተኞች የተወለደ ነው፤ እንደ ሉቢናስ ሁሉ ጨዋታውን አሜሪካ ተምሮ ወደ ወላጆቹ አገር የመጣ። ፒሬየስ በሚገኘው የሰላምና ወዳጅነት ስታዲየም በተደረገው ፍፃሜ በሶቪየት ኅብረት ላይ ብቻውን 40 ነጥብ አስቆጠረ። ጨዋታው በእኩል ነጥብ አልቆ አምስት ደቂቃ ተጨመረ። አራት ሰከንድ ሲቀር ውጤቱ 101 ለ 101 ሆኖ ሁለት የቅጣት ውርወራ ለግሪክ ተሰጠ። ወደ መስመሩ የሄደው ግን ጋሊስ አልነበረም፤ አርጊሪስ ካምቡራስ የተባለ፣ ከተቀያሪ ወንበር የተነሣ ተጫዋች ነው። ሁለቱንም አስገባ፤ 103 ለ 101። አቴንስ ያን ሌሊት አልተኛችም። ግሪክ ዛሬ ያላት የቅርጫት ኳስ ፍቅር ከዚያ ምሽት የተወለደ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዩጎዝላቪያ መፍረስ በሜዳ ላይ የታየው በ1991 በሮም ነው። ሰርቦች፣ ክሮአቶችና ስሎቬኒያዊው ዩሪ ዝዶቭች በአንድ ማሊያ ወደ ግማሽ ፍፃሜ እየገሰገሱ ሳለ ስሎቬኒያ ነፃነቷን አወጀች። የስሎቬኒያ መንግሥት ዝዶቭችን ቡድኑን ለቆ እንዲወጣ አዘዘው፤ ወጣም። የቀሩት ጓደኞቹ በፍፃሜው ጣሊያንን አሸነፉ፤ ያ ቡድን በዚያ መልኩ ዳግም አልተሰበሰበም። ከሁለት ዓመት በኋላ የክሮኤሺያው ድራዠን ፔትሮቪች ፖላንድ ውስጥ የነበረውን የማጣሪያ ውድድር ተጫውቶ ሲመለስ ጀርመን ውስጥ በመኪና አደጋ ሞተ። ዕድሜው 28 ነበር። የ1993ቱን ዋንጫ ጀርመን በሙኒክ ሩሲያን 71 ለ 70 ረትታ ወሰደች፤ በማዕቀብ የተቀጣችው ዩጎዝላቪያ አልተገኘችም።

ሁለቱ ታሪኮች በ1995 በአቴንስ ተገናኙ። በአንድ በኩል ከማዕቀብ የተመለሰችው የሰርቢያና ሞንቴኔግሮ ዩጎዝላቪያ፣ በሌላ በኩል ከ1939 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባችው ሊቱዌኒያ። የዩጎዝላቪያው አሌክሳንደር ጆርጄቪች 41 ነጥብ አስቆጠረ። ሊቱዌኒያውያን በዳኞቹ ውሳኔ ተቆጥተው ጨዋታውን አንቀጥልም ብለው ቆሙ፤ ወደ ሜዳ እንዲመለሱ የለመናቸው ደግሞ ያው ሲያቃጥላቸው የነበረው ጆርጄቪች ነው። 96 ለ 90 አለቀ። በሜዳሊያው ሥነ ሥርዓት ሦስተኛ የወጡት ክሮአቶች ወርቁ ለዩጎዝላቪያ ሊሰጥ ሲል ከመድረኩ ወርደው ሄዱ። ሊቱዌኒያ ሦስተኛ ዋንጫዋን ያገኘችው በ2003 በስቶክሆልም፣ በሻሩናስ ያሲኬቪቹስ መሪነት ስፔንን አሸንፋ ነው።

በ1939 የተነሣው የ“ማን ነው የአገር ልጅ” ክርክር እስካሁን አልበረደም። አሁን ያለው ሕግ ከ16 ዓመቱ በኋላ ዜግነት ያገኘ ተጫዋች በአንድ ቡድን ከአንድ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ቅርጫት ኳስ ላይ ግን አምስት ሰው ብቻ ነው ሜዳ የሚገባው፤ አንዱ ብዙ ነው። በ2007 በማድሪድ፣ በሞቀ ደጋፊዋ ፊት የምትጫወተውን ስፔንን 60 ለ 59 የጣለው፣ ሁለት ሰከንድ ገደማ ሲቀር የገባው የሩሲያ ኳስ፣ ከአሜሪካዊው ጄ አር ሆልደን እጅ የወጣ ነው። በ2011 ሰሜን መቄዶንያ አዘጋጇን ሊቱዌኒያን በካውናስ አሰናብታ አራተኛ ስትወጣ መሪዋ ሌላው አሜሪካዊ ቦ ማካሌብ ነበር። በ2007 የተጎዳችው ስፔንም በ2022 ለሎሬንዞ ብራውን ፈጥና ዜግነት ሰጥታ በዚያው ዓመት በበርሊን አራተኛ ዋንጫዋን አነሣች። የተወቀሰው ሁሉ ተራው ሲደርስ ያንኑ ያደርጋል።

የውድድሩ አሠራር ቀላል ነው። 24 ቡድኖች በስድስት በስድስት በአራት ምድብ ይከፈላሉ፤ ከየምድቡ አራቱ ያልፉና 16ቱ በጥሎ ማለፍ ይገናኛሉ። ጨዋታው አሥር አሥር ደቂቃ አራት ሩብ ነው። ለ24 ቡድን መስተንግዶ አንድ አገር ስለሚከብደው ምድቦቹ በተለያዩ አገሮች ይደረጋሉ። ይህ የተጀመረው በ2015 ነው፤ ዩክሬን በጦርነቱ ምክንያት አዘጋጅነቷን ስታጣ አራት አገሮች ተካፈሉት። በዚያ ዓመት በሊል የእግር ኳስ ስታዲየም ውስጥ ፓው ጋሶል በግማሽ ፍፃሜ ፈረንሳይ ላይ 40 ነጥብ ሲያስቆጥር ከ26 ሺህ በላይ ሰው ተመለከተው።

በየሁለት ዓመቱ ይካሄድ የነበረው ሻምፒዮና ስሎቬኒያ ሰርቢያን አሸንፋ ከወሰደችው ከ2017ቱ በኋላ በየአራት ዓመት ሆነ፤ የ2021ዱ በኮቪድ ምክንያት ወደ 2022 ተገፋ። ፊባ የማጣሪያ ጨዋታዎችን በኅዳርና በየካቲት ሲያደርግ የአሜሪካው ሊግ የኤንቢኤ ተጫዋቾች በሊጋቸው ላይ ናቸው፤ የዩሮሊግ ክለቦችም ተጫዋች መልቀቅ አይወዱም። ስለዚህ አገሩን ወደ ዋናው ውድድር የሚያደርሰው አንድ ቡድን፣ በክረምት ዋንጫውን የሚጫወተው ሌላ ቡድን ነው ማለት ይቻላል። በበረዶ ጉዞ ነጥብ የለቀመ ተጫዋች ኮከቡ ሲመጣ ቦታውን ይለቃል። ውድድሩ ካሉበት ችግሮች ሁሉ ይህ የከፋው ይመስለኛል።

በ2025 ቆጵሮስ፣ ፊንላንድ፣ ፖላንድና ላትቪያ ምድቦቹን አስተናገዱ። ኒኮላ ዮኪችን የያዘችው ሰርቢያ ዋንጫውን ትወስዳለች ሲባል ፊንላንድ በ16ቱ ውስጥ 92 ለ 86 አሰናበተቻት። ያኒስ አንቴቶኩምፖና ግሪክ ነሐሱን ወሰዱ። በፍፃሜው ጀርመን ቱርክን 88 ለ 83 አሸነፈች፤ ቱርኩ አልፔረን ሸንጉን 28 ነጥብ ቢያስቆጥርም፣ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ዴኒስ ሽሮደር ጨዋታውን በእጁ አስገባ፤ የውድድሩ ኮከብም ተባለ። የጀርመን ዋና አሰልጣኝ አሌክስ ሙምብሩ ታምሞ ሆስፒታል በመግባቱ ቡድኑን የመራው ምክትሉ አላን ኢብራሂማጊች ነበር። በ2023 የዓለም ዋንጫን የወሰደችው ጀርመን ሁለቱንም ማዕረግ በአንድ ጊዜ ያዘች። ቀጣዩ ውድድር በ2029 ነው፤ የመጨረሻው ምዕራፍ በማድሪድ ይካሄዳል።