የንግድ ዝግጅት የጥሪ ካርድ በአዲስ አበባ

የጥሪ ካርድ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ሰርግ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ማተሚያ ቤቶች የሚታዘዙት ሌላም ጥሪ አለ፦ የአዲስ ምርት ማስተዋወቂያ፣ የቅርንጫፍ ምርቃት፣ የኤግዚቢሽን መክፈቻ፣ የምስረታ በዓል። እንዲህ ያለው ካርድ ከመጥሪያነቱ ሌላ ማስታወቂያም ነው። እንግዳው አዳራሽ ሳይገባ ስለ ጋባዡ አንድ ነገር ይገምታል።

የኅትመት ታሪካችንን ከምጽዋ የሚጀምሩ አሉ። እዚያ በ1850ዎቹ ዓ.ም. ሚሲዮናውያን ማተሚያ መሣሪያ ተክለው ነበር። የአዲስ አበባው ባለሙያ ግን የሚኮራው በብርሃንና ሰላም ነው፤ ቢኮራም አይፈረድበትም። በራስ ተፈሪ መኮንን በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህ አንጋፋ ቤት ዛሬም ሥራ ላይ ነው። ከእርሳስ ብረት በተቀረጸ ፊደል በሚታተምበት ዘመን ፊደል ለቃሚው ከ200 በላይ ቅርጾችን ከየሣጥናቸው እያነሳ፣ የግራ ቀኙን በመስተዋት እንደሚያይ ሰው ገልብጦ እያነበበ ይደረድር ነበር። በዚያ ሁኔታ ለካርድ ጌጥ የሚሆነው ጠርዙን የሚዞር ሐረግና አንድ ዓርማ ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚህ ሲመሠረት ደግሞ ከተማዋ የስብሰባ ከተማ ሆነች፤ በሁለት ቋንቋ የሚታተም ጥሪም የዕለት ተዕለት ሥራ ሆነ። በደርግ ጊዜ ጋባዡም አታሚውም በአብዛኛው መንግሥት ነበር።

ነገሩ መልኩን የለወጠው ኮምፒውተርና የግል ማተሚያ ቤቶች ሲመጡ ነው። ንድፍ የሚሠራው ወጣት ፓወር ግዕዝ የተባለውን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ጭኖ በአንድ ከሰዓት አምስት አማራጭ ማሳየት ቻለ። ጣጣም አልጠፋም። የድሮው ዓይነት የግዕዝ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ፋይሉ ሲከፈት የክብር እንግዳው ስም የላቲን ምልክት ክምር ሆኖ ይመጣል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ዲዛይነር ጽሑፉን ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ ቀይሮ ለማተሚያ ቤት የሚልከው።

የፈጠራው ነገር ከዚህ ይጀምራል። ለሪል እስቴት ምርቃት በቁልፍ ወይም በበር ቅርጽ የተቆረጠ ካርድ፣ ለቡና ላኪ ከትንሽ የጆንያ ከረጢት ጋር የታሰረ፣ ለሆቴል ካርዱ ሲገለጥ ሕንፃው ብድግ የሚል፣ ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጠርዙ ላይ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት የተሳለበት ይሠራል። በሙቀት የሚለጠፍ የወርቅ ፎይል፣ ፊደሉን ከወረቀቱ ከፍ የሚያደርግ ኢምቦስና ማት ላሚኔሽን (የማያብረቀርቅ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን) ተፈላጊ ናቸው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሦስቱንም በአንድ ካርድ መደራረብ ሰርግ ያስመስለዋል።

ወረቀቱ ብዙውን ጊዜ 300 ግራም ነው፤ ማለትም አንድ ሜትር ካሬው 300 ግራም ይመዝናል። 9.9 በ21 ሳንቲ ሜትር የሆነው የተለመደው ረጅም ካርድ 6 ግራም ገደማ ይሆናል። 70 በ100 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ትልቅ ወረቀት፣ ለመቁረጫ የሚተወው ተቀንሶ፣ እስከ 27 ካርድ ይወጣል። ደንበኛው «ለየት ይበል» ብሎ አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ካርድ ሲመርጥ ወረቀት ይባክናል፤ ልኩ የሆነ ፖስታም ገበያ ላይ ስለማይገኝ በእጅ ይታጠፋል። ለጥቂት መቶ ካርድ ዲጂታል ኅትመት ይበቃል። ሺዎች ሲሆኑ በፕሌት፣ ማለትም ምስሉ በተቀረጸበት ስስ የብረት ሰሌዳ የሚታተመው ኦፍሴት ይረክሳል፤ ፕሌቱ የሚወጣው አንዴ ነውና።

ጽሑፉ ግን ብዙም አይደፈርም። «በክብር ተጋብዘዋል»፣ «ይህን ካርድ ይዘው ይምጡ»፣ «ለአንድ ሰው ብቻ» የሚሉት እንዳሉ ናቸው። ስሙ የሚጻፈው በእጅ ከሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፀጋዬን ጸጋዬ ብሎ የጻፈ ሠራተኛ ከእንግዳው ቅሬታ ሊሰማ ይችላል። ትልቁ መዘዝ ግን ሰዓት ነው። በአማርኛው ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተባለው በእንግሊዝኛው ገጽ 9 መሆን አለበት። ሳይቀየር 3 ተብሎ የታተመ እንደሆነ የውጭ እንግዳው በእኛ አቆጣጠር ከሰዓት 9 ላይ ብቅ ይላል፤ አዳራሹ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል። ቀኑም በሁለቱ አቆጣጠር ይጻፋል። አድራሻው ደግሞ የመንገድ ስም ብቻ ከሆነ አይበቃም፤ «ከእንትን ባንክ ጎን» ካልተባለ ሾፌሩ ይደውላል። ስለዚህ ከጀርባው ትንሽ ካርታ ማተም ከየትኛውም ፎይል ይጠቅማል።

ፖስታ ቤታችን ለረጅም ጊዜ የሠራው በሳጥን ቁጥር ነው። በዚህም የተነሳ ካርድ የሚደርሰው በሰው እጅ፣ አሁን አሁን በሞተረኛ ነው። የተቀባዩ ጸሐፊ በመረከቢያ ደብተር ላይ ትፈርማለች። ከዚያ በኋላ ስልክ ተደውሎ «ካርዱ ደርሶዎታል?» ይባላል። ጠሪ አክባሪ ነው ይባል የለ! ሞተረኛ ከላከ ድርጅት ይልቅ ኃላፊው ራሱ ካርድ ይዞ የመጣበት ዝግጅት ላይ ሰው የበለጠ ይገኛል የሚሉ አሉ፤ አምናለሁ። የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ጥሪው በጋዜጣ ይወጣል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚገባው ወረቀት አብሮ ተወደደ። ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ያኔ ብዙ ጋባዦች ጥሪውን ለሁለት ከፈሉት፦ ለክብር እንግዶች፣ ለትልልቅ ደንበኞችና ለጋዜጠኞች የታተመ ካርድ፣ ለሌላው በቴሌግራም የሚላክ ምስል። ዲዛይነሩ አንድ ነው፣ ክፍያውም ያው። ማተሚያ ቤቶቹ ደግሞ ካርዱ ጥግ ላይ የሚቃኝ ኪውአር ኮድ እያተሙ ሁለቱን ማገናኘት ጀምረዋል።