በመሥራት መማር በድሬዳዋ የመጀመሪያ ደረጃ ክፍሎች

በመሥራት መማር ሕፃኑ ቆጥሮ፣ ለክቶ፣ አፍስሶ፣ ቆርጦና ገጣጥሞ ያገኘውን በኋላ በቃሉ የሚናገርበትና በደብተሩ የሚጽፍበት የማስተማር ዘዴ ነው። መምህራን «ተማሪ ተኮር»፣ «አሳታፊ» ወይም «የተግባር ትምህርት» ይሉታል። ስሞቹ ይቀራረቡ እንጂ አንድ አይደሉም። ተማሪዎቹን በቡድን አስቀምጦ የሚያወያይ ክፍል አሳታፊ ሊባል ይችላል፤ የሚዳሰስ ነገር ከሌለበት ግን እዚህ የሚነሣው ትምህርት አይደለም።

ድሬዳዋ በእጅ መማርን ታውቀዋለች። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ በባቡር ድርጅቱ ወርክሾፖችም ሙያ የሚቀሰመው ከባለሙያው አጠገብ ቆሞ፣ መፍቻ አቀብሎ፣ በኋላም ራስ ፈትቶ በመግጠም ነበር። ከዚያም የቆየ ልማድ አለ። የቄስ ተማሪ ፊደሉን በስንደዶ እየነካ ይቆጥራል። በጎረቤቷ ሐረር የቁርኣን ተማሪ በእንጨት ሎህ ላይ ጽፎ ያጠናል፣ ሲያበቃ አጥቦ አዲስ ይጽፋል፤ የሐረር ስፌትም ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው እጅ እጅን እያየ ነው።

ዘዴው በዘመናዊ ትምህርት ውስጥ መልክ የያዘው በውጭ ሀገር ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዲዊ በ1896 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሙከራ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. በሮም የሠራተኞች ሰፈር የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤቷን አቋቋመች። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ደግሞ ከ7 እስከ 11 ዓመት ያለ ልጅ በደንብ የሚያስበው በሚያየውና በሚነካው ነገር ላይ ተመርኩዞ መሆኑን አስተምሯል። ከእነዚህ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ካሌብ ጋቴኞ ነው። ባለ ቀለም የእንጨት ዘንጎችን ለሒሳብ ማስተማሪያነት በዓለም ያስተዋወቀው ይህ ሰው በ1957 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት ባለሙያነት ኢትዮጵያ መጥቶ ሲሠራ ነበር፤ የፊደልን ድምፅ በቀለም ለይቶ ማንበብ የማስተማር ዘዴውንም የጀመረው እዚሁ፣ በአማርኛ ነው። ይህ ታሪክ በመምህራን ማሠልጠኛዎቻችን አዘውትሮ ሊነገር የሚገባው ይመስለኛል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ፤ የአካባቢ ሳይንስ ትምህርትም ከልጁ ቤትና ሰፈር ተነሥቶ ወደ ሩቁ እንዲሄድ ተደረገ። በድሬዳዋ ልጆች በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይማራሉ። ቋንቋው እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። እጁ ያገኘውን ነገር ልጁ ወዲያው መናገር ካልቻለ ግኝቱ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። ከተማዋን ከሚያቋርጠው ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ የተለቀመውን ድንጋይ አንዱ ልጅ «ዸጋ»፣ ሌላው «ዸገሕ» ይለዋል፤ ሁለቱም ግን ስንት እንደሆነ በገዛ ቋንቋቸው ይቆጥሩታል።

የሒሳብ ክፍለ ጊዜን ቀረብ ብለን እንየው። በአንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ፊት 32 ጭራሮዎች አሉ፤ አሥር አሥር ሆነው በላስቲክ የታሰሩ ሦስት እስሮችና ሁለት ነጠላ። ጥያቄው ከ32 ላይ 17 መቀነስ ነው። ልጅቷ ከነጠላዎቹ ሰባት ልታነሣ ትፈልጋለች፤ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው። ታመነታለች። ከዚያ አንዱን እስር አንሥታ ላስቲኩን ታወልቅና ከሁለቱ ጋር ትቀላቅለዋለች። አሁን 12 ነጠላ አላት። ሰባቱን ስታነሣ አምስት ይቀራል፤ ከሁለቱ እስሮችም አንዱን ስታነሣ አንድ ይቀራል። 15። በሰሌዳ ላይ ይህ «ከጎረቤት መበደር» ይባላል። ብድሩ መቼ ይመለሳል ብሎ የሚጠይቅ ልጅ የጠየቀው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ልጅቷ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የተፈታ እስር እንጂ ብድር የለም።

ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ገንዘብ ኢምንት ነው። ቆርኪ፣ ጠጠር፣ የበቆሎ ፍሬ፣ ካርቶን፣ «ሃይላንድ» የሚባለው የፕላስቲክ የውኃ ጠርሙስ በየሰፈሩ ሞልቷል። ርዝመት በስንዝርና በክንድ ሲለካ የሁለት ልጆች ውጤት ይለያያል፣ ሜትር ለምን እንዳስፈለገም ያኔ ይገባቸዋል።

ሁለት የሃይላንድ ጠርሙሶች በቁመታቸው ተቀድደው፣ አንዱ ባዶ አፈር፣ ሌላው ሣር የበቀለበት አፈር ተሞልቶ ዘንበል ተደርገው ውኃ ሲፈስባቸው፣ ከባዶው የሚወርደው ውኃ ደፍርሶ፣ ከሣሩ የሚወርደው ጠርቶ ይታያል። በድሬዳዋ ይህ ሙከራ ተራ ሙከራ አይደለም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ከደጋው በሌሊት የወረደው ጎርፍ በደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። የዛሬዎቹ ልጆች ያኔ አልተወለዱም፤ በየቤታቸው ግን ሲወራ ሰምተዋል። መምህሩ ውኃውን ሲያፈስ ክፍሉ ጸጥ ቢል አይገርምም።

እንቅፋቱ ብዙ ነው። ለመጀመሪያ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ሲሆን የአንድ ክፍለ ጊዜ ርዝመት 40 ደቂቃ ነው። ጭራሮውን አድሎ፣ አሠርቶና ሰብስቦ መጨረስ ልምድ ይጠይቃል፤ ዕቃውን የሚያድሉና የሚሰበስቡ የቡድን መሪዎችን አስቀድሞ ማሠልጠን ግማሹን ችግር ያቃልላል። ከዚህ የሚከፋው ሌላ ነው። የትምህርት መርጃ መሣሪያ ተሠርቶ ለጉብኝት ቀን በማበልጸጊያ ማዕከል፣ ማለትም በትምህርት ቤቱ የመርጃ መሣሪያዎች ክፍል፣ ተደርድሮ በሩ ሲቆለፍ፣ ልጅ ሳይነካው አቧራ ይጠጣል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ያማረ ሥዕል ለዓይን እንጂ ለእጅ አይደለም። የተሰበረና የቆሸሸ መሣሪያ የሚያሳፍር ሆኖ የሚቆጠርበትን ልማድ መተው ይኖርብናል፤ ልጆች የሠሩበት ነገር ማርጀቱ አይቀርም።

ምንም መሣሪያ የማይፈልግ፣ ድሬዳዋ ግን በተለይ የታደለችው አንድ ትምህርት የጥላ ልኬት ነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ በአናቷ ላይ ትቆማለች። የነሐሴው ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ ያልፋል፤ ሌላው ግን በሚያዝያ 7 አካባቢ ነው። ልጆች በግቢው ውስጥ የአንድ ሜትር ዘንግ ያቆማሉ፤ ቀጥ ማለቱን ድንጋይ በታሰረበት ክር ያረጋግጣሉ። የሀገሪቱ ሰዓት የተቀመጠው ከድሬዳዋ በስተምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ የፀሐይ እኩለ ቀን የሚውለው በ6 ሰዓት ሳይሆን በ6 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። በታኅሣሥ የዘንጉ ጥላ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይዘረጋል። ልጆቹ ጫፉን በጠመኔ ያሰምራሉ፣ ቀኑን ይጽፋሉ፣ በየሳምንቱ ይደግማሉ። መስመሮቹ ወደ ዘንጉ እየቀረቡ ይመጣሉ፤ በሚያዝያ አንድ ቀን ጥላው ከዘንጉ ሥር ገብቶ ይጠፋል። በሚቀጥለው ሳምንት ሲመለሱ ጥላው አለ፤ ግን በደቡብ በኩል ነው፣ እስካሁን አንድም መስመር ባልተሠመረበት ወገን።