የኬሞ ድርብ ማጣራት ምንድን ነው?

አክስቴ ከወረኢሉ ደሴ እየተመላለሰች በየሦስት ሳምንቱ ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት፣ ትወስድ ነበር። ገና ከበር ስትገባ ነርሷ፣ «እትዬ፣ እስቲ ሚዛኑ ላይ ይውጡልኝ» ትላታለች። «ባለፈው መዝነሽኝ የለ?» ትላለች አክስቴ። እኔም በሆዴ ከእሷ ጋር ነበርኩ። መንገዱ አድክሞናል፤ ቶሎ ተሰጥቷት ብንመለስ።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። አብዛኛው የኬሞ መድኃኒት የሚለካው በሰውነት ስፋት ነው። ቁመት በሴንቲ ሜትር ከክብደት ጋር ይባዛል፣ ለ3600 ይካፈላል፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱ ይወሰዳል። ቁመቷ 160 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 55 ኪሎ የሆነች ሴት 1.56 ካሬ ሜትር ትሆናለች። በሕመሙ ከስታ 45 ኪሎ ከገባች ግን 1.41 ነው። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው ቀዩ መድኃኒት በካሬ ሜትር 60 ሚሊ ግራም ቢታዘዝላት፣ መጠኑ ከ94 ወደ 85 ይወርዳል። በድሮው ኪሎ ከተሰጣት ትርፉ መርዝ ነው። ይህ መድኃኒት ልብ ይጎዳል፤ በዕድሜዋ የወሰደችው ሁሉ ተደምሮ የሚመዘገበውም ለዚህ ነው።

ድርብ ማጣራት ማለት አንዱ ያዘዘውን ሌላው ራሱ ከመጀመሪያው ማስላቱ ነው። የጓደኛን ስሌት አይቶ «ልክ ነው» ማለት አይቆጠርም። የታካሚው ስም፣ የመድኃኒቱ ዓይነት፣ መጠኑ፣ የደም ምርመራው፣ በየት በኩል እንደሚሰጥ ሁሉ ይታያል። ቪንክሪስቲን በደም ሥር ሲሰጥ ያድናል፤ በስሕተት በአከርካሪ ከገባ ይገድላል።

በአሜሪካ ኬሞ የሚያዝዘው ሐኪም ብቻ አይደለም። ሠልጥነው ፈቃድ ያገኙ ነርስ ፕራክቲሽነሮችና (ከፍ ያለ ሥልጠና ያላቸው ነርሶች) ፊዚሽያን አሲስታንቶችም (የሐኪም ረዳቶች) በብዙ ቦታ ያዝዛሉ። ሁለቱም ሙያዎች የተጀመሩት በፈረንጆቹ 1965 ነው። እኛ ጋ ጤና መኮንን ይቀርባቸዋል። ማንም ይዘዝ ማን ግን ማጣራቱ አይቀርም። በአሜሪካው የሙያ ደንብ የኬሞ ትዕዛዝ በቃል አይተላለፍም፤ በቃል የሚፈቀደው «አቆዩት» ወይም «አቁሙ» ማለት ብቻ ነው። ይህን ደንብ እወደዋለሁ።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። ቤት የተወሰደ ቅጠል ወይም ጥቁር አዝሙድ ካለ ሳታፍሩ ለነርሷ ንገሩ። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ዱዓው እየተደረገ መኪና ይፈለግ፤ በኬሞው ምክንያት ነጭ የደም ሴል ሲያንስ ኢንፌክሽን እስኪነጋ አይጠብቅም። ሚዛን ላይ ሲወጡም ጫማውም ጋቢውም ይውለቅ።