«ቢራ ገና አልገባህም» ማለት ይብቃ፦ ስለ ክራፍት ቢራ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ክራፍት ቢራ፣ ማለትም በትንንሽ ጠመቃዎች የሚሠራውን ቢራ፣ መጥመቅና መቅዳት ሥራዬ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ባንኮኒው ላይ ከምሰማቸው አባባሎች ሁሉ አንጀቴን የሚያሳርረኝ አንድ ነው፦ «ቢራ ገና አልገባህም።» መራራ ቢራ ቀምሶ ፊቱን ያጨማደደ ሰው ሁሉ ይህን ይባላል። የሚሉት ደግሞ ቢራን ከልብ የሚወዱ ሰዎች ናቸው። የበለጠ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ወደሱ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ትንንሾቹን የተሳሳቱ አባባሎች ቶሎ ቶሎ ልጨርስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጥቁር ቢራ አልኮሉ ይበዛል።» ጥቁረቱ የሚመጣው በደንብ ከተቆላ ገብስና ብቅል ነው። ከአልኮል ጋር አይገናኝም። ጥቁሩ ጊነስ ድራፍት 4.2 በመቶ አካባቢ ነው። ወርቃማው የቤልጂየም ዱቬል 8.5 በመቶ ነው።

«የጣሳ ቢራ ብረት ብረት ይላል።» ጣሳው ከውስጥ ስስ ሽፋን አለው፤ ቢራው ብረቱን አይነካም። ብረት የሚሸታችሁ ከንፈራችሁ ጣሳውን ስለሚነካ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ቀድታችሁ ቅመሱት። እንዲያውም ጣሳ ብርሃን ጨርሶ አያስገባም። ብርሃን ደግሞ የቢራ ጠላት ነው፤ ሆፕ ከሚባለው፣ ለቢራ ምሬትና ሽታ ከሚሰጠው አበባ የሚመጡትን መራራ ውህዶች ሰብሮ ቢራውን ያገማዋል። አረንጓዴ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ሲቆይ የሚሸተው እሱ ነው።

«ድፍርስ ከሆነ ተበላሽቷል።» እንደ ዓይነቱ ነው። የስንዴ ቢራ ድፍርስ ሆኖ ነው የሚወጣው። ጥርት ያለ መሆን የሚገባው ወርቃማው ፒልስነር ደፍርሶ ከመጣ ግን ጠይቁ።

«ቢራ በረዶ ካልሆነ አይጠጣም።» በጣም የቀዘቀዘ ቢራ ሽታ የለውም፤ ምላስም ይደነዝዛል። እንደ ፒልስነር ላለ ቀላል ላገር (በብርድ ለሚብላላው ቢራ) ቅዝቃዜው ይስማማዋል። ስታውት የሚባለው ጠንካራ ጥቁር ቢራ ግን ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ላይ ሲሆን ነው የሚናገረው።

«አይፒኤ የተፈጠረው ወደ ህንድ ሲላክ እንዳይበላሽ ነው።» አይፒኤ «የህንድ ፈዛዛ ቢራ» የሚለው የእንግሊዝኛ ስም ምህጻር ነው። አባባሉ ቆንጆ ተረት ነው፣ ግን እውነታው ይለያል። ሆፕ የበዛበት ፈዛዛ ቢራ እንግሊዝ ውስጥ ቀድሞም ይጠመቅ ነበር። የለንደኑ ጠማቂ ጆርጅ ሆጅሰን ጠመቃው ለመርከቦቹ ማረፊያ ቅርብ ስለነበር ለመርከብ አዛዦቹ ይሸጥላቸው ነበር። ፖርተር የሚባለው ጥቁር ቢራም በብዛት ህንድ ይደርስ ነበር፤ በደህናም ይደርስ ነበር። «የህንድ ፈዛዛ ቢራ» የሚለው ስም በጋዜጣ ላይ የታየው በ1829 ነው። ያኔ ንግዱ አሥርተ ዓመታትን አስቆጥሯል።

አሁን ወደ ዋናው።

«ጣዕም ደረጃ አለው፤ ታች ላገር፣ ላይ መራራው።» ብዙ ሰው ጭንቅላት ውስጥ መሰላል አለ። በላገር ትጀምራለህ፣ ወደ ፔል ኤል (ፈዛዛው ቢራ) ትወጣለህ፣ ከዚያ አይፒኤ፣ ከዚያ ሆፑም አልኮሉም የበረታው ድርብ አይፒኤ፣ ከዚያ ጎምዛዛው ቢራ። ታች የቀረ ሰው አልገባውም ማለት ነው።

አንድ ምሽት ጓደኛሞች መጡ። አንዷ ፒልስነር አዘዘች። አብሯት የነበረው ሰው «አይዞሽ፣ ቀስ እያልሽ ትደርሽበታለሽ» አላት። ሴትየዋ ሃያ ዓመት ቢራ የጠጣች ሰው ናት። እሱ የዘረዘረውን ሁሉ ቀምሳ ጨርሳዋለች። ፒልስነሩን ቀዳሁላት። አሸተተችውና «የብቅሉ ሽታ ካለፈው ጠንከር ብሏል» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ብቅል ቀይረን ነበር። እሱ ልዩነቱን አላወቀም። ታዲያ ማን ነው ያልገባው?

ሰው ምሬትን የሚለይባቸው ወደ 25 የሚሆኑ ተቀባዮች አሉት። የተቀባዮቹ ዘረ መል ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱን በጣም የሚመረው ነገር ሌላውን ምንም ላይመረው ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ማሰሮ የተቀዳ ቢራ ሁለት ሰዎች አፍ ውስጥ አንድ አይደለም። ይህ የእውቀት ጉዳይ አይደለም፤ ይዞት የተወለደው ምላስ ነው።

«ግን እኔ ራሴ መጀመሪያ አልወደድኩትም፣ በኋላ ወደድኩት» የሚለኝ አለ። አምናለሁ። ደጋግሞ የቀመሰ ሰው ይለምዳል፤ የለመደውን ደግሞ ይወዳል። እኔም እንደዚያው ነኝ። ግን መልመድ መልመድ ነው። ዘወትር ድርብ አይፒኤ የሚጠጣ ሰው ምሬቱ እየቀነሰበት ሌላ መራራ ይፈልጋል። ምላሱ ደነደነ እንጂ ከሌላው ሰው ምላስ በላይ አልወጣም።

መሰላሉ ከየት መጣ? ከታሪክ ነው። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ጥቂት ትልልቅ ፋብሪካዎች ተመሳሳይ ቀላል ላገር ነበር የሚሠሩት። ፍሪትዝ ሜይታግ የሚባል ሰው ግን ቀደም ብሎ በ1965 የሳን ፍራንሲስኮውን አንከር ጠመቃ ገዛ። በ1972 ካስኬድ የሚባለው ሆፕ ወጣ፤ የብርቱካን ልጣጭ ዓይነት ሽታ ነበረው። አንከር በ1975 በዚህ ሆፕ ሊበርቲ ኤል የተባለውን ቢራ ጠመቀ። ሴራ ኔቫዳ የተባለው ጠመቃ በ1980 የራሱን ፔል ኤል ይዞ መጣ። ያኔ ምሬት «እኛ እንደነሱ አይደለንም» ማለት ነበር። በ1994 ጠማቂው ቪኒ ቺሉርዞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ድርብ አይፒኤ ጠመቀ፤ ከዚያ ውድድሩ ጦፈ። ጠማቂዎች የምሬት መለኪያውን፣ አይቢዩ የሚሉትን ቁጥር፣ ጠርሙስ ላይ መጻፍ ጀመሩ። ሰው ስለ ቢራው መጠየቅ ትቶ «ስንት አይቢዩ ነው?» ይለኝ ነበር። ቁጥሩ የሚለካው ፈሳሹ ውስጥ ያለውን መራራ ውህድ ነው፤ አፋችሁ የሚሰማውን አይደለም። 60 አይቢዩ ያለው ጣፋጭ ስታውት፣ 40 ካለው ደረቅ ፒልስነር ያነሰ ሊመራችሁ ይችላል።

ከዚያ ምን ሆነ? ፋሽኑ ዞረ። በአሜሪካዋ ቨርሞንት ግዛት ዘ አልኬሚስት የሚባለው ጠመቃ ሄዲ ቶፐር የተባለውን ድፍርስ አይፒኤውን በ2011 በጣሳ አወጣ። ከዚያ በኋላ ድፍርሱና ፍራፍሬ የሚሸተው አይፒኤ አገር ምድሩን ሞላው። የአሜሪካ ጠማቂዎች ማኅበር በ2018 የዓይነቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገባው። ምሬቱ ለስለስ ያለ ነው። «መራራ የማይወድ ቢራ አያውቅም» ይሉኝ የነበሩት ሰዎች ናቸው ለሱ ሲሰለፉ ያየኋቸው። መሰላሉ እውነት ቢሆን እነዚህ ሰዎች ወረዱ ልንል ነው። አልወረዱም። የሚወዱት ነገር ተቀየረ፣ በቃ።

«የጠፋ የቢራ ዓይነት የጠፋው መጥፎ ስለሆነ ነው።» ሁጋርደን በምትባለው የቤልጂየም ከተማ የመጨረሻው የነጭ ቢራ ጠመቃ በ1957 ተዘጋ። ፒየር ሴሊስ የሚባል ሰው በ1966 እንደገና አስጀመረው፤ ዛሬ ዓለም ያውቀዋል። ጨው ያለበት ጎምዛዛው የጀርመኗ ላይፕዚግ ቢራ ጎዘም በ1960ዎቹ ጠፍቶ በ1980ዎቹ ተመለሰ። ቢራው ያው ነው። ሰዎች ናቸው ሄደው የመጡት። ዛሬ «ተራ» የሚባለው ፒልስነር ራሱ በ1842 ጠማቂው ዮሴፍ ግሮል ዛሬ ቼክ በምትገኘው ፕልዘን ከተማ ውስጥ ሲጠምቀው አዲስ ነገር ነበር።

«ላገር የሰነፍ ቢራ ነው።» እስቲ ጥመቁት! አይፒኤ ውስጥ ትንሽ ብሳሳት ሆፑ ይሸፍንልኛል። ፒልስነር ውስጥ መደበቂያ የለም። ሳምንታት በብርድ ማረፍ አለበት። አንድ ጊዜ ቸኩለን ቶሎ አወጣነው፤ ቅቤ ቅቤ ሸተተ። አንድ ታንከር ሙሉ ደፋነው።

እንግዲህ የምትወዱትን ማወቅ ከፈለጋችሁ እንዲህ አድርጉ። በትንንሽ ብርጭቆ አራት ዓይነት አስቀዱ። ጓደኛችሁ ስማቸውን ደብቆ ያቅርብላችሁ። ስሙን ከማየታችሁ በፊት የተሰማችሁን በራሳችሁ ቃል ጻፉ። «ሣር ይሸታል» በቂ ነው። አይፒኤ ስትገዙ የታሸገበትን ቀን እዩ፤ የሆፕ ሽታ በወራት ውስጥ ይጠፋልና ትኩሱን ምረጡ። አራት ወር የቆየ ቀምሳችሁ «አይፒኤ አልወድም» አትበሉ። ጠንካራ ስታውት ግን ቢቆይም ችግር የለውም። ያልወደዳችሁትን ለይሉኝታ ብላችሁ አትጨርሱ። ከዓመት በኋላ ደግማችሁ ቅመሱት፤ ያኔም ካልወደዳችሁት ተዉት።

የምትቀዱ ሰዎች ደግሞ፣ እንግዳው «መራራ አልወድም» ሲላችሁ አታስተምሩት። ከዚህ በፊት ምን ጠጥቶ እንደወደደ ጠይቁት። ከዚያ ሁለት ጉንጭ የሚሆን ቅምሻ ቅዱለትና ዝም በሉ። መጀመሪያ እሱ ይናገር።