የምረቃ ስጦታ አመራረጥ

የምረቃ ስጦታ የሁለተኛ ደረጃ ወይም የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ላጠናቀቀ ሰው ቤተሰብና ወዳጅ የሚያበረክተው ነገር ነው። ዛሬ ተቀባዩ ተመራቂው ነው፤ ድሮ ግን እሱም ሰጪ ነበር። በመካከለኛው ዘመን በጣሊያን የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ማዕረግ የሚቀበል ሰው በሥነ ሥርዓቱ ላይ መጽሐፍ፣ የወርቅ ቀለበትና ቆብ ይሰጠው ነበር፤ በተራው ደግሞ ለመምህራኑ ስጦታ ማቅረብና ድግስ መደገስ ይጠበቅበታል። ወጪው ከልክ እያለፈ በመምጣቱ እ.ኤ.አ. በ1311 በፈረንሳይ የተጀመረው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቪየን ጉባኤ ለድግሱ ወጪ ጣሪያ አበጀለት። ቀለበት ግን እስከ ዛሬ አልቀረም፤ በአሜሪካ የአንድ ዓመት ተመራቂዎች የሚያደርጉት የክፍል ቀለበት የተጀመረው በዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ እ.ኤ.አ. የ1835 ተመራቂዎች እንደሆነ ይነገራል።

ሁለቱም ጋዋን ለብሰው ፎቶ ስለሚነሡ ይመሳሰላሉ እንጂ፣ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ የሚያስፈልጋቸው ነገር ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ገና ተማሪ ነው። ምናልባት ከቤት ይወጣል፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ክፍል ይጋራል፣ የትምህርት መስኩንም ሊቀይር ይችላል። ለእሱ የሚሻለው ተሸክሞት የሚሄደው ነገር ነው፦ ዚፑ የማይከዳ ሻንጣ፣ ጠንካራ ቁልፍ፣ የክፍል ጓደኛውን እንቅልፍ የማይነሳ የንባብ መብራት። ገና ውጤቱ ሳይታወቅ ለልጃቸው ስቴቶስኮፕ (የሐኪም ማዳመጫ) የሚገዙ ወላጆች አሉ። ይህን ስጦታ ብሎ መጥራት ይከብደኛል፤ በወረቀት የተጠቀለለ ትእዛዝ ይመስላል።

የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ችግር ሌላ ነው፤ ወጪው ከገቢው ይቀድማል። የመጀመሪያ ደመወዝ የሚመጣው ወሩ ተሠርቶ ሲያልቅ ነው፤ የቤት ኪራዩ፣ ትራንስፖርቱና ጫማው ግን ያን ድረስ አይጠብቁም። ለቃለ መጠይቅ የሚሆን ሙሉ ልብስ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ሆኖም ልኩን ገምቶ ከመግዛት አብሮ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ ሒሳቡን መክፈል ይሻላል። የሙያ ፈቃድ ፈተና ክፍያን መሸፈን ደግሞ ለፎቶ ባይመችም ብዙ ጊዜ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ላፕቶፕ ለመግዛት ያሰበ ሰው ከዋጋው በፊት የትምህርት ክፍሉን ይጠይቅ። መካኒካል ምህንድስና ውስጥ በሰፊው የሚሠራበት ሶሊድወርክስ የተባለ የንድፍ ፕሮግራም የተሠራው ለዊንዶውስ ነው፤ ለዚያ ተማሪ በሌላ ሥርዓት የሚሠራ ማክቡክ ገዝቶ መስጠት ውድ ዋጋ ከፍሎ ችግር መግዛት ነው። ደረሰኙ አይጣል።

የእጅ ሰዓትና ብዕር የቆዩ ምርጫዎች ናቸው። ሰዓቱ ጀርባ ላይ «30 ሜትር» ተጽፎ ቢገኝ ጠብታ ውኃ ይቋቋማል ማለት እንጂ ይዋኙበታል ማለት አይደለም፤ ይህን ለተቀባዩ መንገር ያስፈልጋል። ቀለም የሚሞላ ብዕር ደግሞ ለሳምንታት ሳይጻፍበት ከተቀመጠ ይደርቃል። በእጁ መጻፍ የማይወድ ሰው ስሙ ቢቀረጽበትም መሳቢያ ውስጥ ያስቀረዋል፤ ስም የተቀረጸበት ዕቃ ደግሞ አይመለስም።

የዲግሪ ወረቀት ማስገቢያ ፍሬም ቀላል ይመስላል፤ የሚበላሸውም በዚሁ ነው። ወረቀቱ ኤ4 ከሆነ 210 በ297 ሚሊሜትር ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ተቋም በዚህ ልክ አያትምም፤ ስለዚህ ወረቀቱን ሳይለኩ መግዛት አይገባም። ከወረቀቱ ጋር የሚነካካው ካርቶን አሲድ የሌለው ካልሆነ ከዓመታት በኋላ ጠርዙ ቢጫ ይሆናል። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ደግሞ ፊርማው ይደበዝዛል።

ጥሬ ገንዘብ ያሳፍራል የሚሉ አሉ። ኢኮኖሚስቱ ጆኤል ዋልድፎገል እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ጥናት ስለ ገና ስጦታ ተማሪዎችን ጠይቆ ነበር፤ በስሌቱ መሠረት ተቀባዮቹ ለዕቃው የሚሰጡት ግምት ከተከፈለበት ዋጋ ከአንድ አሥረኛ እስከ አንድ ሦስተኛ ያንሳል። ክፍተቱ የሚሰፋው ከሩቅ ዘመድ በመጣ ዕቃ ላይ ነው፤ የቅርብ ጓደኛ የመረጠው የተሻለ ይገጥማል። እንግዲህ ልጁን በዓመት አንዴ የሚያየው አጎት ፖስታ ውስጥ ገንዘብ ቢከት የሚነቀፍ አይደለም። ሁለት መስመር በእጁ ጽፎ ቢጨምርበት ግን ፖስታው የክፍያ ወረቀት አይመስልም።

ጊዜውም መታሰብ አለበት። በምረቃው ዕለት ተመራቂው እጁ እስኪሞላ አበባ ይታቀፋል፣ የማን ምን እንደሆነ እንኳ አይለይም። ሦስት ወር ቢቆዩ ሥራ ማግኘቱ፣ የት ከተማ እንደገባ፣ አልጋ ይሁን ምጣድ የጎደለው በግልጽ ይታወቃል።