የሶላት ትክክለኛነት በእስልምና ሕግ

በእስልምና ሕግ አንድ ሶላት ‹‹ሰሒሕ›› ነው ከተባለ ሰጋጁ የነበረበትን ግዴታ ተወጥቷል፤ መድገምም ሆነ ቀዷ ማውጣት (ጊዜው ካለፈ በኋላ መስገድ) አይጠበቅበትም። ‹‹ባጢል›› ከሆነ ግን ቆሞ፣ አጎንብሶ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ቢውልም እንዳልሰገደ ይቆጠራል። የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ሊቃውንት የሚመረምሩት ይህንኑ ነው፤ ሰውየው በሰገደበት ሰዓት ልቡ የት ነበር የሚለው በሌላ በር የሚገባ ጥያቄ ነው።

የጉዳዩ መነሻ ሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪና ሙስሊም ከነብዩ ባልደረባ ከአቡ ሁረይራ የዘገቡት ሐዲስ ነው። አንድ ሰው መስጂድ ገብቶ ሰገደና ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰላምታ አቀረበ። ‹‹ተመለስና ስገድ፤ አልሰገድክምና›› አሉት። ሦስት ጊዜ ሰግዶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። ከዚህ የተሻለ እንደማያውቅ ገልጾ እንዲያስተምሩት ሲጠይቅ፣ በሩኩዕም (ሲያጎነብስ)፣ ቀና ሲልም፣ በሱጁድም (በግንባሩ ሲደፋ) እስኪረጋጋ ድረስ እንዲቆይ ነገሩት። ጉድለቱ ጥድፊያ ነበር። ከዚህ ተነስተው አብዛኞቹ ሊቃውንት እርጋታን (ጡመእኒና) ያለ እሱ ሶላት የማይቆምበት ግዴታ አድርገውታል። የሐነፊዮች መሪ አቡ ሐኒፋ ግን ዋጂብ ነው ይላሉ፤ ይህም በእሳቸው መዝሀብ (የሕግ ትምህርት ቤት) ከፈርድ (ከጽኑ ግዴታ) አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ነው። ደቀ መዝሙራቸው አቡ ዩሱፍ በዚህ ተለይተዋቸው ፈርድ ነው ብለዋል።

ሊቃውንቱ የሶላትን ግዴታዎች በሁለት ከፍለው ያያሉ። ሸርጥ ከሶላቱ በፊት ተሟልቶ እስከ መጨረሻው መዝለቅ ያለበት ነው፦ የወቅቱ መግባት፣ ውዱእ (ፊትን፣ እጅንና እግርን መታጠብ) ወይም የመላ ገላ ትጥበት፣ ከነጃሳ (ከርኩስ ነገር) መጽዳት፣ ሐፍረተ ገላን መሸፈን፣ ወደ ቂብላ (መካ ወዳለው ካዕባ አቅጣጫ) መዞር። ሩክን ደግሞ የሶላቱ አካል ነው፤ መቆም፣ የመክፈቻው ተክቢር (‹‹አላሁ አክበር›› ማለት)፣ ሩኩዕ፣ ሱጁድ፣ የመጨረሻው ተሸሁድ (ተቀምጦ የሚባል የምስክርነት ቃል) እና ማሰላመት (በሰላምታ መዝጋት) ከዚህ ይመደባሉ። ኒያ (የመስገድ ሐሳብ) ከአራቱ የሱኒ መዝሀቦች ሐነፊዮችና ሐንበሊዮች ዘንድ ሸርጥ፣ ሻፊዒዮች ዘንድ ሩክን ነው። ስለ ሩክኖች ቁጥር መጻሕፍት ቢለያዩ ተማሪ ሊደናገጥ አይገባም። የሻፊዒዮች ሊቅ ነወዊይ በ‹‹ሚንሃጅ›› መጽሐፋቸው 13 ሲቆጥሩ ሌሎች ሻፊዒዮች 17 የሚያደርሱት በአራት ቦታ ያለውን እርጋታ ለብቻው ስለሚቆጥሩት ነው።

ልዩነቱ የሚታወቀው ሰው ሲረሳ ነው። የመጀመሪያውን ተሸሁድ የዘነጋ በሱጁደ ሰህው (ለመርሳት በሚደረግ ተጨማሪ ሱጁድ) ይጠግነዋል። ሩኩዕ የዘለለ ግን ሱጁደ ሰህው ብቻውን አያድነውም፤ ያጎደለውን ራሱን መፈጸም አለበት።

የቁርኣን መክፈቻ ምዕራፍ የሆነችውን ፋቲሐን ያልቀራ (ያላነበበ) ሶላቱ ምን ይሆናል? ማሊኪይ፣ ሻፊዒይና ሐንበሊይ መዝሀቦች ‹‹ፋቲሐን ላልቀራ ሶላት የለውም›› የሚለውን የዑባዳ ኢብኑ ሷሚትን ሐዲስ ይዘው፣ በተለይ ብቻውን ለሚሰግድ ሩክን ነው ይላሉ። ሐነፊዮች ደግሞ ከሙዘሚል ምዕራፍ ‹‹ከቁርኣን የተቻላችሁን አንብቡ›› (73፡20) የሚለውን ያስቀድማሉ። በእነሱ ዘንድ ፈርዱ ከቁርኣን መቅራት ሲሆን ፋቲሐ ዋጂብ ነው፤ ረስቶ የተወው ሱጁደ ሰህው ያደርጋል፣ ሆን ብሎ የተወው ግን ኃጢአት አለበት፣ ሶላቱንም መድገም ይጠበቅበታል። ሐነፊዮች ፋቲሐን አቃለሉ እያሉ የሚወቅሱ ሰዎች ይህችን የመጨረሻ ነጥብ ብዙ ጊዜ አያነሷትም።

ቂብላን በተመለከተ በመዲና ዳር ያለችው የቁባ ሰዎች ታሪክ ትልቅ መረጃ ነው። ቂብላ ከበይተል መቅዲስ (ከኢየሩሳሌም) ወደ ካዕባ የዞረው ሂጅራ (የነብዩ ወደ መዲና ስደት) በተደረገ በሁለተኛው ዓመት ነው። ቁባ ላይ ሱብሒ (የንጋት ሶላት) እየሰገዱ ሳለ ወሬው ሲደርሳቸው እዚያው ሶላት ውስጥ እንዳሉ ዞሩ። ወደ ቀድሞው አቅጣጫ የሰገዱትን ድገሙ አልተባሉም። ሕጉ ያልደረሰው ሰው ባልደረሰው አይያዝም የሚሉ ሊቃውንት ይህንን ይጠቅሳሉ። አቅጣጫውን በሚገባ አጣርቶ ሰግዶ ከጨረሰ በኋላ መሳሳቱን ያረጋገጠ ሰው ሐነፊዮች ዘንድ አይደግምም፤ ሻፊዒዮች ዘንድ በሚመረጠው አቋም ይደግማል። ከካዕባ የራቀ ሰው አቅጣጫውን ካገኘ በቂው ነው የሚለው የብዙኃኑ አቋም ነው። ከአዲስ አበባ መካ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ትገኛለች።

ኡሱለኞችን (የሕግ መርሆ ሊቃውንትን) ለዘመናት ያከራከረው ደግሞ በግፍ በተነጠቀ መሬት ላይ የሚሰገድ ሶላት ነው። ሰውየው ታዟል፣ ሰግዷል፤ የቆመበት ቦታ ግን ሐራም (የተከለከለ) ነው። ብዙኃኑ ሁለቱን ነጣጥለው ‹‹ሶላቱ ሰሒሕ ነው፣ ሰጋጁ ግን ኃጢአተኛ ነው›› አሉ። ከአሕመድ ኢብኑ ሐንበል በታወቀው ዘገባ መሠረት ሶላቱ ውድቅ ነው፤ መቆሙና መደፋቱ ራሱ የሰው መሬት መድፈር ሲሆን እንዴት አምልኮ ይሆናል ነው ነገሩ። ለእኔ የሐንበሊዮቹ መከራከሪያ ስሜትን የሚይዝ ቢሆንም፣ የብዙኃኑ አቋም ለፍርድ የሚመች ነው።

ሰሒሕ መሆንና ተቀባይነት ማግኘትም አንድ አይደሉም። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ጠንቋይ ዘንድ ሄዶ የጠየቀ ሰው የ40 ሌሊት ሶላቱ ተቀባይነት የለውም። ነወዊይ ይህን ሲያብራሩ ምንዳውን ያጣል፣ ግዴታው ግን ወርዶለታል፣ መድገም የለበትም ይላሉ። ስለዚህ ‹‹አልተቀበለኝ ይሆናል›› ብሎ ቀዷ የሚያወጣ ሰው ሕጉ ያላዘዘውን በራሱ ላይ ይጭናል።

ሻፊዒይና ሐነፊይ መዝሀቦች ጎን ለጎን በሚኖሩበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ሌላ ጥያቄ ይነሳል። ሻፊዒዮች ዘንድ ባዕድ ሴትን፣ ሚስትንም ጭምር፣ ያለ ግርዶ መንካት ውዱእ ያፈርሳል፤ ሐነፊዮች ዘንድ መንካት ብቻውን አያፈርስም። ሚስቱን ነክቶ ውዱእ ሳያድስ ካሰገደ ሐነፊይ ኢማም ኋላ የቆመ ሻፊዒይ ሶላቱ ይያዝለታል? ሻፊዒዮች ዘንድ ጠንካራው አቋም የተከታዩን እምነት ስለሚመዝን አይያዝለትም፤ ኢማሙ በራሱ መዝሀብ ሶላቱ ትክክል ከሆነ ይበቃል ያሉም ብዙ ናቸው። አሕመድ ደም መፍሰስ ውዱእ ያፈርሳል የሚሉ ነበሩ፤ ደም ፈሶት ውዱእ ካላደረገ ኢማም ኋላ ይሰግዱ እንደሆነ ሲጠየቁ ግን ደም ውዱእ አያፈርስም የሚሉትን ሊቃውንት ጠቅሰው ‹‹ከማሊክና ከሰዒድ ኢብኑል ሙሰየብ ኋላ እንዴት አልሰግድም!›› ብለው መለሱ። በተግባር ሌላ መንገድ የተያዘበት ጊዜም ነበር። በመካው ሐረም (በታላቁ መስጂድ) ለዘመናት ለአራቱ መዝሀቦች አራት የተለያዩ መስገጃዎችና ኢማሞች ነበሩ፤ በአንድ ኢማም የተጠቃለሉት ሳዑዲዎች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ከተማዋን ከያዙ በኋላ ነው።